በችሎቱ አዳራሽ ለተደገሰልን ክብር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የክብርና የዕውቅና ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ባለፈው ዝግጅት ላይ ያን ሁሉ ጊዜ ቆመው ሲያጨበጭቡ ስላየሁዎት፣ መዳፍዎ እንዴት ሆኖ ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነው የሰነበትኩት። ጉሮሮዎም እንዲሁ፤ «ተጠያቂነት» የምትባለውን ቃል በአንድ ንግግር ውስጥ ያን ያህል ደጋግመው ሲጠሯት አንድ ጊዜ እንኳ ውሃ ስላልተጎነጩ፣ መድረቁ አይቀርምና ማር ቢወስዱበት መልካም ነው። ለወገብዎ፣ ለጉልበትዎና ለወንበርዎ፣ በተለይም ለወንበርዎ፣ ረጅም ጤና እመኛለሁ።

ማንነቴን ሳልናገር ብቀጥል ንቀት ይሆንብኛል። ከፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት ባለችው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጎማ የምጠግነው ሰው ነኝ። የጽሕፈት ቤትዎ መኪኖች በሙሉ በእጄ አልፈዋል። እርስዎ ከኋላ ወንበር ተደግፈው ሲያንቀላፉ እኔ ከሥርዎ ተጋድሜ በክሪክ ከፍ ዝቅ አድርጌዎታለሁና፣ አንተዋወቅም ቢሉኝ ቅር ይለኛል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለእርስዎ ደብዳቤ ለመጻፍ የሰው እጅ መለመን ነበረብኝ። አሁን ግን የማታ ትምህርቴን አጠናቅቄ የራሴን ብዕር ጨብጫለሁ። ከክፍላችን ጮክ ብሎ በማንበብ አንደኛ ወጥቻለሁ። በጽሕፈት ሁለተኛ ነኝ፤ አንደኛ የወጣችው ልብስ አጣቢዋ ናት፣ እሷም ብትሆን እኔ ጉንፋን ይዞኝ በቀረሁበት ሰሞን ተጠቅማ ነው። ፊደል ከለየሁ ወዲህ በዚህ ከተማ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት ጠርሙስና የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር አንብቤ ጨርሻለሁ። የቀረኝ የእርስዎ መልስ ብቻ ነው፤ እሱንም ዓይኔን አሳርፌ እጠብቀዋለሁ።

ያስተማሩኝ ደግሞ እርስዎ ያን ዕለት ሜዳሊያ ያዘጋጁላቸው ሴት ናቸው። ቀን ቀን የሰው ጉዳይ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ይውላሉ፤ ማታ ማታ በእንጨት ሥራ ድርጅቱ የመመገቢያ አዳራሽ ውስጥ እኛን ጎረምሶችና አሮጊቶች ፊደል ያስቆጥራሉ። ሰው ታሰረ ሲባል የት እንዳለ ይጠይቃሉ፤ ሰው ተደብድቦ ወጣ ሲባል ማን እንደደበደበው ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ጠያቂ ነው የሚላቸው። የሚያስተምሩን በግራ እጃቸው ነው። ሲፈጠሩ ግራኝ ሆነው አይደለም፤ ቀኝ እጃቸው ጠመኔ መጨበጥ ስላቆመ ነው። በግራ እጃቸው የሚጽፉት ፊደል ወደ ጎን ያዘነብላል፤ እኛም ያየነውን ስለምንገለብጥ የክፍሉ ሰው ሁሉ ጽሕፈት፣ የአናጢውም የልብስ አጣቢዋም የእኔም፣ ነፋስ እንደሚገፋው ሰው ወደ ጎን ያዘነበለ ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ የዚህ ደብዳቤ ፊደላት ወደ አንድ ወገን ተጋድመው ቢያገኟቸው ጠጥቶ ነው የጻፈው እንዳይሉኝ። በጽሕፈት ቤትዎ ባልደረባ ምክንያት የመጣ የአጻጻፍ ስልት ነው።

ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ። ቁጥርም ተምረናል።

1ኛ. ተሸላሚ ስለማፍራትዎ አመሰግናለሁ።

በንግግርዎ ላይ እንዲህ ያሉ ጀግኖች እንዲሁ በአጋጣሚ አይፈጠሩም ብለዋል። እውነትዎን ነው፤ እኔ ሲፈጠሩ አይቻለሁ።

ታናሽ ወንድሜ የአውቶቡስ መናኸሪያ ተሸካሚ ነበር። ነበር ያልኩት ሥራውን ነው፤ እሱን ራሱን ነበር ለማለት ብዕሬ ገና እሺ አላለኝም። አንድ ጠዋት ተሸካሚዎች በሙሉ ከግቢው ይውጡ ተባለ። ሌሎቹ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲወጡ እሱ ቆሞ ለምን ብሎ ጠየቀ። የእኛ ቤት ሰው ሁሉ ይህች አመል አለችበት፤ ከእናታችን ነው የወረስናት። የዚያን ጊዜው የጣቢያ አዛዥ በገዛ እጃቸው አንገትጌውን ይዘው መኪና ላይ ሲጭኑት ጓደኞቹ በሙሉ አይተዋል። እናቴ ምሳውን ቋጥራ ጣቢያው ደጃፍ ስትደርስ ግን፣ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ግቢ ረግጦ አያውቅም ተባለች። በማግስቱም ቋጥራ ሄደች። ከዚያም በኋላ ሄደች፤ መልሱ አልተለወጠም፣ የሚለወጠው በር ላይ የሚቆመው ጠባቂ ነበር።

እትዬ ጠያቂ አብረዋት በሄዱ ቀን እኔ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። የጣቢያውን መኪና የኋላ ጎማ ፈትቼ የወጋውን ሚስማር እፈልጋለሁ። እሳቸው የአዛዡ ቢሮ የብረት በር ላይ ቆመው፣ ቀኝ እጃቸውን መቃኑ ላይ አሳርፈው፣ ልጁ ያለበትን ካልነገሩኝ አልሄድም ሲሉ ሰማሁ። ድምፃቸው በኋላ በማታው ክፍል ውስጥ እኔን ደግመህ አንብብ ይሉኝ ከነበረው ድምፅ ከፍ አይልም። አዛዡ በሩን ዘጉት። በሩ አልገጥም ሲላቸው ከፈት አደረጉና ደግመው ዘጉት።

በዚህ ሁኔታ ጽሕፈት ቤትዎ ተሸላሚ አገኘ። አዛዡ በሥራ ላይ እስካሉ ድረስ ለሚመጡት ዓመታትም የሚሸለም ሰው አያጡምና፣ ፍለጋ ብለው እንዳይደክሙ አደራ እላለሁ።

2ኛ. ስለ አዳራሹ አመሰግናለሁ።

እትዬ ጠያቂ ከሰሱ። እኔም ያየሁትን መሰከርኩ፤ የማታ ትምህርት የተመዘገብኩትም በዚያው ሰሞን ነው፣ ቃሌ ላይ ስሜን ራሴ ልጽፍበት ብዬ። ክሱ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሲንከባለል፣ እዚህ ሲተኛ እዚያ ሲያንኮራፋ ከርሞ በመጨረሻ ቀን ተቆረጠለት። ያን ቀን አዛዡ ችሎት ቀርበው ሁለት ነገር ሊጠየቁ ነበር፤ አንዱ ስለ እጁ፣ ሌላው ስለ ወንድሜ። ስለ እጁ መልስ ባይሰጡንም ግድ የለንም፤ እጁ ለማንም የሚታይ ነው። እኛ የምንፈልገው ሁለተኛውን ነበር። ሰው ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ የሚለውን ዳኛ ፊት ቆሞ፣ ምሎ ሲጠየቅ ላይደግመው ይችላል የሚል ተስፋ ነበረን። እናቴማ ከተስፋ አልፋ እርግጠኛ ነበረች። ያ ሰው ዳኛ ፊት ይቁምልኝ እንጂ ይናገራል ትል ነበር።

በቀጠሮው ጠዋት ስደርስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ለራሴ ጉዳይ ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ስለሆነ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። አዳራሹ ለሰብአዊ መብት ተሟጋቾች የክብር ሥነ ሥርዓት ስለተፈለገ የዕለቱ ችሎት ወደፊት ወደሚገለጽ ቀን ተላልፏል ይላል። የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ምንድን ነው ነገሩ ብዬ ጠየቅኳት። በከተማው ያን ያህል እንግዳ የሚይዝ ሌላ አዳራሽ ስላልተገኘ ነው አለችኝ። ቀጥላም፣ ደግሞኮ የምትሸለመው ራሷ ከሳሿ ስለሆነች ቅር አይላትም ተብሎ ነው አለች።

ልብ ይበሉልኝ ክቡርነትዎ፤ እትዬ ጠያቂ የተሸለሙት ክስ ስለመሠረቱ ነው፣ ክሱ ያልተሰማው ደግሞ እሳቸው ስለሚሸለሙ ነው። እኔ በሙያዬ ያልጠገንኩት የጎማ ዓይነት የለም፤ ከጎማ ቆርጦ ያንኑ ጎማ በቁራጩ መጠገን ግን የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ግኝት ነው። ዕውቅና ሊሰጠው ይገባል።

ማስዋቡንም ሳላመሰግን አላልፍም። የተከሳሽ መቆሚያው ላይ የታሸገ ውሃ ተደርድሮ፣ የምስክር መቆሚያው በአበባ ተሸፍኖ፣ ዳኛው ከላይ ወርደው ከእንግዶቹ ጋር ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጠው ሳይ፣ ፍርድ ቤት እንዲህ የሚያምር ቤት መሆኑን ያወቅኩት ፍርድ በሌለበት ቀን ነው።

3ኛ. ስለ ሸላሚው አመሰግናለሁ።

የቀድሞው የጣቢያ አዛዥ ያን በር እጅ ላይ ከዘጉት በኋላ አድገው የጽሕፈት ቤትዎ የሥነ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ መሆናቸውን ሰምቼ ነበር። ሜዳሊያውን አንገት ላይ የሚያጠልቁት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸውን ግን ያወቅኩት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። እትዬ ጠያቂ ይህን እያወቁ ለምን እንደመጡ ኋላ ጠይቄያቸዋለሁ። ዛሬ እዚህ እንድንገናኝ ያዘዘው ፍርድ ቤቱ ነው፤ እሱ ከመጣ እኔ ለምን እቀራለሁ አሉኝ። ክፍል ውስጥም እንዲህ ናቸው፤ ዝናብም ቢሆን መብራት ቢጠፋም ቀርተው አያውቁም።

አዛዡ በቅርቡ ለሥልጠና ወደ ውጭ እንደሚሄዱም ተነግሮናል። የሚሠለጥኑት ስለ ታሳሪ አያያዝ ነው አሉ። ሰው በጎልማሳነቱ ትምህርት ሲጀምር ምን ያህል ደስ እንደሚለው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለምና ከልቤ ደስ ብሎኛል። ብቻ አንድ ነገር ያሳስበኛል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ እንደነገረችኝ፣ ተከሳሹ አገር ውስጥ ከሌለ ፋይሉ እስኪመለስ ድረስ ይቀመጣል፤ መቼ ይመለሳል ብላት ደግሞ ትከሻዋን ነቀነቀችልኝ። እኔ የማታ ክፍል ስማር ሥራዬንም እየሠራሁ ስለነበር፣ እሳቸውም እዚሁ ሆነው፣ ቀን ቀን እየተከሰሱ ማታ ማታ ቢማሩ ይከብዳቸው ይሆን?

4ኛ. ስለተነበበው የሕይወት ታሪክ አመሰግናለሁ።

ጥሩ ድምፅ ያላት ልጅ ናት ያነበበችው፤ ከእኔ በታች ብትሆንም ጥሩ ናት። ተሸላሚዋ በሥራ ላይ ሳሉ ቀኝ እጃቸው በብረት በር ተይዞ ጉዳት እንደደረሰባቸው ገለጸች። ሕዝቡ አዘነ፤ አንዳንዱም ከንፈሩን መጠጠ። በሩ በሚገባ ተወቀሰ። የበሩን እጀታ ይዞ የነበረው ሰው ግን ከመድረኩ ጎን ቆሞ የሜዳሊያውን ሪባን እያስተካከለ ስለነበር ሊያቋርጡት አልፈለጉም መሰለኝ።

5ኛ. ስለ እናቴ አመሰግናለሁ። ይህኛው ረዘም ይላል፤ ክቡርነትዎ ሊቀመጡ ይችላሉ።

እናቴ ማንበብ አትችልም። አብረን እንማር ብዬ ብለምናት፣ እኔ የምፈልገው በጽሑፍ አይደለም የሚመጣው ብላ እምቢ አለችኝ። ያን ጠዋት ከእኔ ቀድማ ደርሳ ኖሯል። ለችሎቱ ብላ ያስቀመጠችውን ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ ጫማዋን ትታ የሰው ጫማ ተውሳ ነው የመጣችው። በር ላይ የቆሙት አስተናጋጆችዎ ሲያዩዋት የተጋባዥ እናት መሰለቻቸውና፣ እጅ ነስተው፣ አንድ ዘለላ አበባ አስይዘው፣ ክንዷን ደግፈው አስገቧት። እሷም በዕድሜዋ ሙሉ ቢሮ ደጃፍ ላይ እንዲህ የተቀበላት ሰው ስለሌለ፣ ለካ ፍርድ ቤት ማለት እንዲህ ነው ብላ ገባች።

እኔ ወረቀቱን አንብቤ፣ ከመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ጋር ተነጋግሬ ስገባ ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ልነግራት አፌን ስከፍት በክርኗ ጎሰመችኝ።

«ዝም በል፤ ዳኛው እያዩህ ነው።»

ያዩኝ ነበር፤ ከጎናችን ነበሩ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ደግሞም ፊቷን አየሁት፤ ወንድሜ ከጠፋ ወዲህ እንዲያ ቀና ብላ ተቀምጣ አላውቅም።

ክቡርነትዎ ተነስተው ስለ ተጠያቂነት ሲናገሩ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠችዎት። ጎንበስ ብላ፣ ይኼ ዐቃቤ ሕግ ጎበዝ ነው አለችኝ። እናቴ በቀላሉ ሰው አታመሰግንም፤ እኔን እንኳ አንደኛ ስወጣ የምን አንደኛ ነው ያለችኝ። ልጅቷ ስለ በሩ ስታነብ ደግሞ ትንሽ ቅር አላትና፣ ቆይ ግድ የለም፣ ሰውየው ላይ ይደርሳሉ አለች።

ከዚያ የአዛዡ ስም ተጠራ። ሳጥኑን ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። እናቴ ጉልበቴን ጨመቀችው። ቀጥሎ እትዬ ጠያቂ ተጠሩ። ወጥተው ከአዛዡ ፊት ለፊት ቆሙ። ከሳሽ በዚህ፣ ተከሳሽ በዚያ፣ ዳኛው ፊት ለፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ። እንግዲህ አንድ የቀረ ሰው ቢኖር ምስክር ነውና እናቴ ተነሳች።

ልይዛት እችል ነበር። ጎማን ከቸርኬው የሚያላቅቅ ክንድ አለኝ፤ አንዲት ቀጭን አሮጊት አትከብደኝም። አልያዝኳትም።

ቀጥ ብላ ወደ ምስክር መቆሚያው ሄደች። አበባውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ቦታ አበጀች። እትዬ ጠያቂ አስቀድመው እንዳለማመዷት ቀኝ እጇን አነሳች፤ እውነቱን ልትናገር ማለች። ሕዝቡ የዝግጅቱ አካል መስሎት አጨበጨበ። የመድረክ መሪው ፈጣን ልጅ ነው፤ ወዲያው ድምፅ ማጉያውን ይዞላት ሮጠና፣ እናታችን የምስጋና መልእክት አላቸው ብሎ አስተዋወቃት። ከሁሉም በፊት ያጨበጨቡት እርስዎ ነበሩ፤ አይቼዎታለሁ፣ አመሰግናለሁ።

እናቴም መሰከረች። የተሸካሚው እናት እንደሆነች፣ ልጇ ያን ጠዋት ቁርሱን ቆሞ በልቶ እንደወጣ፣ ማን አንገቱን ይዞ መኪና ላይ እንደጫነው ጓደኞቹ እንደነገሯት፣ ምሳ ይዛ ሄዳ በር ላይ ምን እንደተባለች፣ የዚች ሴት እጅ ለምን እንደዚህ እንደሆነ፣ አንድም ቃል ሳታስቀር፣ ሳታለቅስ፣ እንደተራ ነገር ተናገረች። ጭብጨባው የት ጋ እንደቆመ አላስተዋልኩም። ከዚያ ወደ አዛዡ ዞረች።

«ልጄ፣ አሁን ዳኛ ፊት ነን። ወስደህ የት አደረስከው?»

አዛዡ ሳጥኑን እንደያዙ ቆመዋል። ካሜራው መብራቱን ፊታቸው ላይ አድርጓል፤ የመድረክ መሪው ድምፅ ማጉያውን ወደ አፋቸው አስጠግቷል። ክቡርነትዎ፣ እሳቸው ካሜራ ፊት የተጠየቁትን ሁሉ በትሕትና መመለስ ለምደዋል፤ ያስለመዳቸውም የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው። ፈገግ ብለው ለእናቴ እጅ ነሱ።

«እናቴ፣ እኔ ጋ ብዙ አልቆየም። በማግስቱ አስረክቤዋለሁ።»

ያ እዚያ ግቢ ረግጦ አያውቅም ሲባልለት የኖረው ወንድሜ፣ ዳኛና ጋዜጠኛ፣ እንግዳና ባለሥልጣን በሞላበት አዳራሽ ውስጥ፣ በድምፅ ማጉያ፣ ግቢው ገብቶ አደረ። እትዬ ጠያቂ ሜዳሊያውን ለመቀበል እጃቸውን አልዘረጉም። አንድ ቃል ብቻ አሉ።

«ለማን?»

ሙዚቃው የተነሳው በዚህን ጊዜ ነው። ድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠረው ሠራተኛዎ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ እድገት ይገባዋል።

ሜዳሊያው በአዛዡ እጅ ቀርቷል። እስከ ዛሬ ካልመለሱት፣ የዓመቱ ተሸላሚ እሳቸው ናቸው ማለት ነውና እንኳን ደስ አለዎት ይበሉልኝ።

ስድስተኛ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ይህ ግን ቁጥር የሚገባው ምስጋና ስላልሆነ እንዲሁ አስገባዋለሁ። በማግስቱ የተላለፈውን ዜና በሰፈሩ ምግብ ቤት ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ልጃቸው የጠፋባቸው እናት በሥነ ሥርዓቱ ላይ በተደረገላቸው ክብር በደስታ ስሜት ተውጠው ንግግር አደረጉ አለ። እናቴ እጇን አንስታ ትታያለች፤ ድምፅ የላትም። ከዚያ አበባ። ከዚያ እርስዎ ሲያጨበጭቡ። የአዛዡ አፍ ከሚከፈትበት ላይ ሲደርስ የሚታየው የአዳራሹ ጣሪያ ነው። ጣሪያውም ያምራል፤ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ይበላ የነበረ ሹፌር፣ የታደሉ እናት ናቸው አለኝ። ምሳዬን ትቼ ወጣሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ውለታ የዋለልን ጽሕፈት ቤት ጥቂት ነገር ብንለምነው አይጨክንብንም ብዬ አስባለሁ። ያን ዕለት የተቀረጸው ፊልም ጣሪያው ከመግባቱ በፊት እንደነበረው ሆኖ ለፍርድ ቤቱ ይሰጥልን። ሲሰሙ የነበሩት እንግዶች፣ እርስዎን ጨምሮ፣ ምን እንደሰሙ ሲጠየቁ ጆሮዬን አሞኝ ነበር እንዳይሉ ይምከሩልን። አዛዡ ወደ ሥልጠናቸው ከመሄዳቸው በፊት ያቺን የአንድ ቃል ጥያቄ መልሰው ይሂዱ፤ የአንድ ሰው ስም ወይም የአንድ ቦታ ስም ይበቃናል፣ አውሮፕላን አያስመልጣቸውም። አዳራሹም ወደ ሥራው ይመለስ። እትዬ ጠያቂ እንደሆኑ ክብር አልጠየቁም፤ የጠየቁት መልስ ነው። እሳቸውን ማክበር የፈለገ ሰው ሜዳሊያ ማሠራት አያስፈልገውም፤ ሲጠይቁ ይመልስላቸው።

ጥያቄዬን በዚህ ላይ ስገታ፣ ጎንበስ ማለት የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ ሳልቸገር ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ለክቡርነትዎ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ፣ ለአስተናጋጆችዎ፣ ለጣሪያውና ለሙዚቃው ያለኝን ከልክ ያለፈ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ይህን ደብዳቤ ያለማንም እርዳታ፣ በገዛ እጄና በገዛ ብዕሬ የጻፍኩ መሆኔን በኩራት አረጋግጣለሁ።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ጎማ ጠጋኝ፣
የተሸካሚው ታላቅ ወንድም፣
በንባብ አንደኛ

ግልባጭ፦
ለቀድሞው የጣቢያ አዛዥ፣ መንገድ ላይ እንዳይሰለቻቸው
ለጉዳያችን ዳኛ፣ ተጋባዥ ባልሆኑበት ቀን እንዲያነቡት
ለምታውቁን ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከአዳራሹ ስንወጣ እናቴ ክንዴን ይዛ፣ አየህ፣ ዳኛ ፊት ሲሆን ተናገረ አለችኝ። ከዚያ የሚቀጥለው ቀጠሮ ለመቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት። እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ትጠይቀኛለች። ያ ቀን ችሎት እንደነበረ ነው የምታውቀው። ድግስ ነበር ብዬ ልነግራት ብዙ ጊዜ ተነሳሁ፤ ይህን ሁሉ የጻፈ እጅ እያለኝ ምላሴ እምቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ ሳነብላትም ይህችን ክፍልና ድግሱን የሚያነሳውን ሁሉ እዘላለሁ። ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሁለት አንዱን ያድርጉልኝ። ወይ እቤታችን ድረስ መጥተው፣ እናቴ ፊት ቁጭ ብለው፣ ችሎት እንዳልነበረ ራስዎ ይንገሯት። ወይ ያን ቀን ችሎት ያድርጉትና የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጽፈው ይላኩልን፤ እኔ አነብላታለሁ።